ቤት ሳይገቡ ስለ መጠየቅ

በቅሎ ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው ሻጩ የነገረውን ብቻ ሰምቶ ገንዘቡን አይሰጥም። አፏን ከፍቶ ጥርሷን ይቈጥራል፤ ሰኰናዋን አንሥቶ ያያል፤ ሽቅብም ቍልቍልም አስነድቶ አካሄዷን ይመለከታል፤ ከዚያም በኋላ ከባለቤቱ ጋር የማይዋደድ ጐረቤት ፈልጎ ስለ ዐመሏ ይጠይቃል። ልጁን ለመዳር የተነሣ ቤተ ሰብም ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚገባ ነው፤ የሚነቅፈውም የለም። ዳሩ ግን ይኸው ሰው ሚስቱንና ልጆቹን የሚያሳድርበትን ቤት ሲከራይ ወይም ሲገዛ፣ የግድግዳውን ቀለም፣ የወለሉን ንጣፍና የመስኮቱን መስተዋት አይቶ፣ ስለ ዋጋው ጥቂት ተከራክሮ፣ ቀብዱን ከፍሎ ይገባል። ቤቱ የቆመበት ምድር ምን ዐይነት እንደ ሆነ፣ በክረምት ውኃው በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ከበላዩ ያለው ገደል ምን እንደ ተሸከመ አይጠይቅም። በቅሎዋ ዐመለኛ ብትሆን መልሶ ይሸጣታል። ቤቱ ግን ዐመሉን የሚገልጠው ብዙ ጊዜ በሌሊት፣ ሰው በተኛበት ሰዓት ነው።

እኔ ዕድሜዬን በማስተማር ሥራ ያሳለፍሁ ሰው ነኝ። ሥራውም ከከተማ ወደ ከተማ ስለሚያዛውር፣ የራሴ ጣራ ሳይኖረኝ ብዙ ዘመን በኪራይ ቤት ኖሬአለሁ፤ ቈጥሬ ባየው ዘጠኝ ቤት ይሆናል። አንድ ጊዜ ስሙን በማልጠራው በአንድ የቈላ ከተማ ቤት ስፈልግ፣ አንድ አከራይ ግድግዳውን እስከ ጕልበት ድረስ ብቻ አዲስ ቀለም ቀብቶ ጠበቀኝ። እናቴ ያን ጊዜ ከእኔ ጋር ነበረች። ወደ ቤቱ ስትገባ ጣራውንም መስኮቱንም አላየችም፤ ጐንበስ ብላ መዳፏን ከግድግዳው ሥር አሳረፈች፤ ከዚያም እጇን አሸተተች። «ይህ ቤት ውኃ ይጠጣል» አለችና ወጣች። በመንገድ ላይ ምክንያቱን ብጠይቃት፣ «ሰው ግድግዳውን ሁሉ ትቶ እስከ ጕልበት ብቻ የሚቀባው፣ የሚደብቀው ነገር እስከ ጕልበት ሲደርስ ነው» ብላ መለሰችልኝ። እናቴ ፊደል አልቈጠረችም። ነገር ግን ቤትን ማንበብ ታውቅ ነበር። እናንተ ወጣት አንባቢዎቼ ፊደሉን ዐውቃችኋልና፣ ይህን ሁለተኛውን ንባብ ልታውቁት ይገባችኋል ብዬ ይህን ጽሑፍ ጀምሬአለሁ።

ካቻምና በግንቦት ወር የእኅቴ ልጅ ወደ እኔ መጣና፣ «ጋሼ፣ ቤት አግኝቻለሁ፤ ከመዋዋሌ በፊት አብረኸኝ እየው» አለኝ። በአዲስ አበባ፣ ወደ ቀበና ወንዝ ከሚገቡት ትንንሽ ወንዞች በአንዱ ዳር ያለ ቤት ነው። ሁለት ክፍል፣ ማጀትና ትንሽ ግቢ አለው። ኪራዩም በዚያ ሰፈር ከሚጠየቀው በሢሶ ያነሰ ነበር። ልጁ ያገባው ባለፈው ዓመት ነው፤ ሚስቱም ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የመውለጃዋም ወር ነሐሴ ነው። ከደመወዙ ላይ ሢሶ ኪራይ ቢተርፈው ለሕፃኑ ስንት ነገር እንደሚገዛበት እያሰበ ፊቱ በርቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው «ቈይ» ማለት ደስ የሚል ሥራ አይደለም።

በሄድንበት ቀን ወንዙ ልጅ የሚዘለው ነበር። ደላላው በድንጋይ ላይ ቆሞ ወደ ውኃው እየጠቈመ፣ «አባቴ፣ ይህ እኮ ቦይ እንጂ ወንዝ አይደለም» አለኝ። እኔም ወደ ውኃው ሳይሆን በማዶው ዳር ወደ ነበሩት ባሕር ዛፎች ተመለከትሁ። በቅርንጫፎቻቸው ላይ የተቀዳደደ ፌስታል፣ ጨርቅና ገለባ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ከፍታውም ከእኔ ቁመት በላይ ነው። ይህን ለደላላው ባሳየው፣ «ነፋስ ያወጣው ነው» አለኝ። ነፋስ ግን ፌስታልን በዛፍ ሁሉ ላይ ይበትነዋል እንጂ በአንድ ልክ አሰልፎ አይሰቅለውም። በአንድ ልክ አሰልፎ የሚሰቅል ውኃ ብቻ ነው። ወንዝ ዳር ቤት ልታዩ የሄዳችሁ እንደ ሆነ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ ዛፉን እዩ፤ ወንዙ ባለፈው ክረምት እስከ የት እንደ ወጣ ራሱ ጽፎ አኑሮታል።

ባለቤቲቱን ብንጠይቃቸው፣ «አልፎ አልፎ በክረምት ግቢው ይረጥባል፤ ሌላ ምንም የለበትም» አሉን። ከዚያም ወጥተን ሦስት ቤት አልፎ በረንዳቸው ላይ ጥጥ ወደሚፈትሉ አንዲት አሮጊት ሄድንና፣ «እማማ፣ ይህ ወንዝ ወደ ቤት ገብቶ ያውቃል ወይ?» አልኋቸው። እሳቸውም እንዝርታቸውን አቁመው፣ «ልጄ፣ የምትጠይቀኝ ስንት ጊዜ እንደ ገባ ነው ወይስ እስከ የት እንደ ገባ?» አሉኝ። ተነሥተውም የበሩን መቃን አሳዩን። በምስማር የተጫሩ አራት ምልክቶች ነበሩበት። ዝቅተኛው ከደፉ በላይ አንድ ስንዝር፣ ከፍተኛው ከአንድ ክንድ ይበልጣል። ከፍተኛውም የቅርብ ጊዜው ነበር። «ቀድሞ» አሉ፣ «ከላይ ያለው ሁሉ ሣር ነበር። ዝናም ከቆመ በኋላ ቡና አፍልቼ አንደኛውን እስክጠጣ ድረስ ወንዙ አይሞላም ነበር። ዛሬ ግን ዝናሙ ሳያባራ ይደርሳል።»

እኒህ አሮጊት በአንድ ዐረፍተ ነገር የተናገሩትን የውኃ ሊቃውንት በብዙ ገጽ ይጽፉታል፤ ነገሩ ግን ያው ነው። 50 ሚሊ ሜትር ዝናም 100 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው የቆርቆሮ ጣራ ላይ ቢወርድ፣ ከዚያ ጣራ ላይ የሚፈሰው ውኃ 5,000 ሊትር ነው። ይህም 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን 250 ጀሪካን ማለት ነው። በዚያው ቦታ ላይ ሣርና ዛፍ በነበረበት ጊዜ ምድሩ ከዚህ ብዙውን ይጠጣው፣ የቀረውንም ቀስ ብሎ ይለቀው ነበር። ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና አስፋልት ግን አይጠጡም። ስለዚህ የእንጦጦ ግርጌ በቤት በተሸፈነ ቍጥር፣ ከታች ያለው ሰው ከእርሱ በላይ በሺሕ የሚቈጠር ጣራ የሚያወርደውን ውኃ በአንድ ጊዜ ይቀበላል። በዚህም ላይ ሰማዩ ራሱ ተለውጧል። አየር አንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቍጥር 7 ከመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መሸከም ይችላል፤ የተሸከመውንም ባወረደ ጊዜ ዶፉ ይከብዳል። ዓለምም ፋብሪካና መኪና ካልበዙበት ዘመን ይልቅ ዛሬ ከአንድ ዲግሪ በላይ ሞቋል። ስለዚህ «አባቴ በዚህ ቤት 40 ዓመት ሲኖር ውኃ አልገባበትም» የሚል ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ያ 40 ዓመት የኖረው ሰማይ ዛሬ ከበላያችን ያለው ሰማይ አይደለም።

ደረቅ ወንዝን ስለ መናቅ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የድሬዳዋ ነገር ነው። ድሬዳዋ የባቡር ሐዲድ የወለዳት፣ ሙቀቷ የበዛ፣ ሰዎቿ ተጫዋቾች የሆኑ ከተማ ናት። በመካከሏ ደቻቱ የሚባል ወንዝ ያልፋል፤ ወንዝ ቢሉትም በዓመቱ ውስጥ በሚበዛው ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለ ሆነ ሰውና ከብት በእግሩ ይሻገረዋል። ሕዝብ በበዛ ጊዜ ቤቱም ወደ አሸዋው ቀረበ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ቀን ማታ በደቡብ በኩል በሐረርጌ ደጋ ላይ ከባድ ዝናም ወረደ። ደጋው ከ2,000 ሜትር በላይ፣ ከተማይቱ ግን 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆኑ፣ ውኃው ያንን ሁሉ ቍልቍለት ተምዘግዝጎ ወረደ። በዚያው ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ በዳርና በዳር ያለውን ሰፈር ጠረገው። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺሕ ሕዝብም ቤት አልባ ሆነ። የሞቱት አብዛኞቹ በመኝታቸው ላይ ነበሩ። በዚያው ክረምት፣ ሳምንት ያህል ቈይቶ፣ በደቡብ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ300 በላይ ሰው ወሰደ።

የድሬዳዋን ነገር ባሰብሁ ጊዜ ሁሉ ወደ ልቤ የሚመጣው ይህ ነው፤ ያን ሌሊት ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ያየ ሰው የሚመጣበትን ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ መከራው የተነሣው ከእርሱ ሰማይ ላይ አይደለምና። እንግዲህ ቤት ስትመርጡ የምትጠይቁት ስለ ቤቱ ብቻ አይደለም። ወንዙ ከየት ይነሣል? በመነሻውስ ዛፍ ነው ያለው ወይስ ድንጋይ የሚፈለጥበት ወናፍ ምድር? ጐርፍ ቀድሞ በመጣ ጊዜ ያስጠነቀቀ ሰው ነበረን? ይህን የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ አይጠፋም። ሽማግሌዎች፣ ዘበኞች፣ ጕልት ቸርቻሪዎች ሁሉ ያውቁታል። ከሁሉ ይልቅ ልጆች ያውቃሉ፤ ልጅ ደግሞ የኪራይ ዋጋ ስለማይወደድለትና ስለማይረክስበት አይዋሽም። ፊደል የቈጠረ ሰው ደግሞ ከዚህ ሌላ መንገድ አለው። በኮምፒዩተር ላይ ጎግል ኧርዝ የሚባለውን ከፍቶ ያንኑ ቦታ ከብዙ ዓመታት በፊት ከሰማይ እንደ ተነሣ ማየት ይችላል። ዛሬ ግቢ የሆነው መሬት ያን ጊዜ የወንዝ አሸዋ ወይም ረግረግ እንደ ነበረ ካየ፣ አጥሩ ቢያምር እንኳ ወንዙ መንገዱን አልረሳም።

ውኃ ከወንዝ ብቻ የሚመጣ እንዳይመስላችሁ። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ከ60 ዓመት በፊት ገደማ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ትንሽ ውኃ ነበር፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ውኃውም ጨዋማ ስለ ሆነ የደረሰበትን እርሻ ያበላሻል፤ አውራ ጎዳናውንም የባቡሩንም መንገድ አስቸግሯል። ጐርፍ በአንድ ሌሊት መጥቶ ይሄዳል፤ ሐይቅ ግን በየዓመቱ አንድ እርምጃ ይራመድና አይመለስም። በሐይቅ ዳር መሬት የሚገዛ ወጣት ውኃው ዛሬ ያለበትን ብቻ ሳይሆን የዛሬ 10 ዓመት የነበረበትን ልክ መጠየቅ አለበት።

ስለ ተዳፋት ቦታ ጥቂት ልናገር። ደጋ ላይ ያደግን ሰዎች ከፍ ያለ ቦታ ሁሉ ደኅና ነው ብለን እናምናለን፤ ጐርፍ አይደርስበትምና። ነገር ግን ምድር ራሷ ትፈሳለች። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከከባድ ዝናም በኋላ ኮረብታው ተንዶ ቤቶችን ቀበረ። የተቀበሩትን ለማውጣት በማግሥቱ ጐረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ሲቈፍር፣ ምድሩ ለሁለተኛ ጊዜ ተንዶ ሊረዱ የመጡትን ቀበረ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከእነዚህ የሚበዙት የሞቱት ጐረቤታቸውን ለማዳን ሲሮጡ ነው። ይህን የጻፍሁት በጐረቤት ላይ ያላችሁን ፍቅር ለማቀዝቀዝ አይደለም፤ አንድ ጊዜ የተናደ ገደል ሥራውን እንዳልጨረሰ ዕወቁ ለማለት ነው። ተዳፋት ላይ ያለ ቤት ስታዩ፣ ዛፎቹና የመብራት ምሰሶዎቹ ወደ ታች ዘምመው እንደ ሆነ፣ ከቤቱ በላይ ባለው መሬት ላይ እንደ ማረሻ ፈር ያለ ስንጥቅ ወጥቶ እንደ ሆነ፣ የድጋፍ ግንቡ እንደ ጠገበ ሆድ ተነፍቶ እንደ ሆነ ተመልከቱ። ግንቡ ውኃ የሚያስወጣ ቀዳዳ ከሌለው ከበስተ ኋላው ውኃ እያጠራቀመ ነው ማለት ነው። የሚናደውም አፈር ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ፣ ቆሼ በሚባለው ቦታ፣ ከ50 ዓመት በላይ የተከመረው የከተማው ቍሻሻ በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ በግርጌው ያሉትን ጎጆዎች ሲጫን ከ110 በላይ ሰው አልቋል። ከፍ ብሎ የተከመረ ነገር ሁሉ፣ የሠራው እግዚአብሔርም ይሁን ሰው፣ ከበላያችሁ ካለ ይመለከታችኋል።

አንዳንዱ ጉዳት ደግሞ ድምፅ የለውም። በአዲስ አበባ በደቡብና በምሥራቅ በኩል፣ በቦሌና በአቃቂ ሜዳ፣ ምድሩ ጥቁር መረሬ ነው። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ከላዩ ያለውንም ቤት እንደ ሰው ደረት ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። መሠረቱ ለዚህ ታስቦ ካልተሠራ፣ ከበርና ከመስኮት ማእዘን የሚነሣ አግድም የወረደ ስንጥቅ ይታያል፤ በሩም በክረምት እንቢ ብሎ በበጋ ይዘጋል። አዲስ ልስን ስንጥቁን ሊሸፍነው ይችላል፤ የማይዘጋውን በር ግን ሊሸፍነው አይችልም። ስለዚህ ቤት ልታዩ በገባችሁ ጊዜ በሩን ሁሉ ክፈቱት ዝጉት፤ ባለቤቱ ቢገረምባችሁ ይገረም።

በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ የጕድጓዱን ውኃ ጠይቁ። በዚያ አገር ብዙ ጕድጓድ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የወሰነው ልክ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚህ ያለፈ ውኃ እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፤ እጅግ ከበዛም አጥንት ይጐዳል። ውኃውን ማፍላት አያድንም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ መጠን ማዕድኑ ይወፍራል። ይህን ለማወቅ ከባድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በዚያ ሰፈር ተወልደው ያደጉትን ልጆች አንድ ጊዜ አሥቋቸው፤ ጥርሳቸውን ታያላችሁ።

ወባም እንደ ቀድሞው የገጠር ረግረግ ብቻ አይደለችም። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የሚባል፣ በከተማ በበርሜልና በማጠራቀሚያ ገንዳ ውስጥ የሚራባ የወባ ትንኝ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወደ አገራችን ገብቷል፤ በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ የተነሣው ወረርሽኝም ከእርሱ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። ግቢው ክዳን የሌለው ገንዳ ካለበት፣ ከመዋዋል በፊት ክዳኑን ማስገጠም አሥር ጊዜ ሐኪም ቤት ከመመላለስ ይረክሳል። ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የሚያስፈልገውን ያህል መናገር ከአንድ መሐንዲስ ይጠበቃል፤ እኔ የምለው በ1953 ዓ.ም. በሸዋ የማጀቴን ከተማ ያፈረሰው፣ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ብዙ ሺሕ ሕዝብ ከቀዬው ያስነሣውና በአዲስ አበባ ፎቅ ላይ የተኛውን ሰው ወደ ደጅ ያወጣው ምድር አንድ ምድር መሆኑን ብቻ ነው። ፎቅ ቤት የሚገዛ ሰው የዕቃ ማንሻውን ፍጥነት ሳይሆን የምሰሶውን ውፍረትና ብረቱን ያሰረውን ሰው ቢጠይቅ ይሻላል።

አሁን ወደ አከራዮች ነገር እመለሳለሁ፤ የዚህ ጽሑፍ ጕዳይ መሬት ብቻ አይደለምና። «አልፎ አልፎ ግቢው ይረጥባል» ያሉትን ሴት ክፉ ናቸው ልላቸው አልችልም። ባላቸው ሞቷል፤ የሚኖሩት በዚያ ቤት ኪራይ ነው፤ እውነቱን ቢናገሩ ማን ይከራያቸዋል? ሆኖም የራሳቸውን መኝታ ቤት የሠሩት ከመንገዱ በላይ፣ ሰባት ደረጃ ከፍ አድርገው ነው። የሚኖርበትን ቤት ከፍ አድርጎ የሚያከራየውን ዝቅ አድርጎ የሠራ ሰው፣ ውኃውን አላውቀውም ሊል አይችልም። የማውቀውን ነገር ሌላው ሰው ሳያውቅ እንዲተኛበት ማድረግ፣ በሚዛን ሰርቆ ከመሸጥ ይከብዳል፤ በሚዛን የተሰረቀ ሰው የሚያጣው ገንዘቡን ነው። ከእናንተ መካከል ነገ ባለቤት ሆኖ የሚያከራይ ይኖራል። ለዚያ ሰው የምለው፣ የበሩ መቃን ላይ ያለውን ምልክት አትፋቅ፤ ኪራዩን ቀንስና ምልክቱን አሳይ።

የእኅቴ ልጅ ያን ቀን ከአሮጊቷ በር ላይ ሲመለስ ብዙ አልተናገረም። ከከፍተኛው ምልክት ጋር የሕፃን አልጋ ቁመት በእጁ ለካ፤ አልጋው ከምልክቱ በታች ዋለ። ከዚያ በኋላ ከወንዙ ራቅ ብሎ ሽቅብ ባለው መንገድ ላይ አንድ ክፍል ብቻ ያለው ቤት በዚያው ዋጋ ተከራየ። ሚስቱ ጥቂት ቅር አላት፤ ዕቃቸው አልበቃ ብሎ ቁም ሣጥኑ በእናቷ ቤት ቀረ።

እኔ ግን ነገሩ በዚህ አለቀ ልል አልቻልሁም። በሳምንቱ በዚያ በኩል ባልፍ፣ የወንዙ ዳር ቤት ተይዞ አገኘሁት። አንድ ግንበኛ ከሦስት ልጆቹ ጋር ገብቶበታል። ቆሜ ሰላምታ ሰጠሁትና ስለ ወንዙ፣ ስለ ዛፎቹና ስለ ምልክቶቹ ነገርሁት። ሰውየውም በትሕትና አዳምጦኝ ሲያበቃ፣ «ዐውቃለሁ፣ ጋሼ። ግንበኛ ነኝ፤ ግድግዳውን ገና ሳየው ዐውቄአለሁ። ከዚህ በሚሻለው ቤት የሚጠይቁኝን ግን ከየት አመጣለሁ?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። እስካሁን የጻፍሁት ሁሉ መምረጥ ለሚችል ሰው ነው። ርካሹ ቤት ዘወትር ከወንዝ ዳር፣ ከገደል ሥርና ከቍሻሻ ክምር አጠገብ ይገኛል፤ በዚያም የሚኖረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያላወቀ ሳይሆን የቸገረው ነው። ዐዋቂ ነኝ ብሎ እንዲህ ያለውን ሰው በስንፍና የሚወቅስ፣ እርሱ ራሱ የሰውየውን ደመወዝ እየተቀበለ አንድ ወር ይኑርና ይናገር።

ስለዚህ ስለ ቤት ምርጫ መናገራችንን ትተን፣ በዚያ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚታደር ተነጋገርን። የልጆቹን አልጋ ከወንዙ በኩል ካለው ክፍል አንሥቶ በመንገድ በኩል ወዳለው አዛወረ። የልደት ወረቀታቸውንና የትምህርት ቤት ካርዳቸውን በላስቲክ ጠቅልሎ ከጣራው ማገር ላይ አሰረ። በአጥሩ ላይ ወደ መንገዱ የሚያወጣ ሁለተኛ በር ከፈተ፤ ቍልፉንም ከውስጥ በኩል ሰቀለው። የመብራቱን ቈጣሪ የሚዘጋውን ለትልቋ ልጁ አሳያት። የእኅቴ ልጅም ከእርሱ በላይ፣ ወንዙ ቀድሞ በሚያልፍበት በኩል ስለሚኖር፣ ሁለቱ የስልክ ቍጥር ተለዋወጡ። አሮጊቷ ደግሞ ስልክ መደወል ስለማይሆንላቸው፣ የወንዙ ድምፅ ሲለወጥ የሰሙ እንደ ሆነ የቆርቆሮ አጥራቸውን በዘነዘና ሊመቱ ተስማሙ።

በዚያ ክረምት ስልኩ ሁለት ጊዜ ተደወለ፤ አንዱ በሐምሌ መጨረሻ፣ አንዱ ሕፃኑ በተወለደ በአምስተኛው ቀን። በመጀመሪያው ውኃው ከአጥሩ ሳያልፍ ተመለሰ። በሁለተኛው ግን አሮጊቷ ዘነዘናውን ከስልኩ ቀድመው መትተው ነበርና፣ ግንበኛው ልጆቹን ይዞ ወደ ላይ ወጥቶ በእኅቴ ልጅ አንድ ክፍል ቤት አደረ። ዘጠኝ ሰው በአንድ ክፍል፣ ያውም ከአራስ ጋር። ሲነጋ ወርደው ባዩት ጊዜ ደለሉ ከደፉ በላይ አንድ ስንዝር ቆሞ ነበር፤ አሮጊቷም ምስማራቸውን አውጥተው አምስተኛውን ምልክት ጫሩ።